ከቀለበት ወደ እንክብል፦ «ጤና ይስጥልን» ወይስ «ጤና ይሽጥልን»?

ጤና ይስጥልን ወዳጆቻችን! ስንገናኝም ስንለያይም የምንላት ቃል ይህችው ናት። ልብ ብላችሁ ከሆነ ምኞት እንጂ ዋጋ የላትም። ሰጪው ሌላ ነው፤ የኛ ድርሻ «ይስጥልን» ማለት ብቻ። ሰሞኑን ግን አንዲት ፊደል ብትለወጥ ምን እንደሚመጣ እያሰብን ከረምን። ይስጥልን… ይሽጥልን። በ«ስ» እና በ«ሽ» መካከል ያለው ልዩነት አናቷ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት። ይህች ጽሑፍ ስለዚያች ጭረት ናት።

ነገሩን ያስጀመረን የአንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ታሪክ ነው። «እንግሊዛዊ ነጋዴና እኛን ምን አገናኘን?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱን፤ ወሎም፣ የአክስታችን ስኳር በሽታም፣ የኛው ጥፋትም ወደ ታች ስትወርዱ አሉ። (ዓመቶቹን ሌላ ካላልን በስተቀር በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልን።)

ሰውዬው ስቲቭ ቤኔት ይባላል። መጀመሪያ የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ ነበር፤ ጃንግል ዶት ኮም የተባለውን ድርጅቱን በ2000 በ37 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ከዚያ በ2004 ጄምስ ቲቪ የሚባል የሽያጭ ቻናል አቋቋመ። ሥራው ጌጣጌጥ መሸጥ ነው፤ ቀለበት፣ ጉትቻ፣ ሐብል፣ የከበሩ ድንጋዮች። ኋላም ጄምፖሪያ የተባለውን ሌላ የጌጣጌጥ ድርጅት መሠረተ። ዓመታት በድንጋይ ላይ ካለፉ በኋላ ግን ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። በ2018 «ዘ ፕራይማል ኪውር» የሚል የአመጋገብና የጤና መጽሐፍ አወጣ፤ ፕራይማል ሊቪንግ በሚል ስም ደግሞ ወደ ምግብ ማሟያ (ሰፕሊመንት) ንግድ ገባ። ከቀለበት ወደ እንክብል ማለት ይኸው ነው።

ከወዲሁ አንድ ነገር እንበል። ሰውዬው አጭበርባሪ ነው አላልንም፤ ለማለትም ምክንያት የለንም። ነጋዴ ሸቀጥ ይቀይራል። ዛሬ ጫማ የሚሸጥ ነገ ብርድ ልብስ ቢሸጥ ማን ምን አገባው? ስኳር ቀንሱ፣ ከፋብሪካ የወጣ ምግብ አታብዙ የሚል ምክርም ቢሆን የሚጠላ አይደለም። እኛን ያስጨነቀን የሰውዬው ጠባይ ሳይሆን መንገዱ ነው። ሰው ከአንዱ ሸቀጥ ወደ ሌላው ሲሻገር አብሮት የሚሻገር ዕቃ አለ፤ እሱም የተመልካቹ እምነት ነው። ጥያቄያችን ይህች ናት፦ በቀለበት የተገኘ እምነት ለእንክብል ዋስ ይሆናል?

*

እስቲ ጌጡ እንዴት ይሸጥ እንደነበር እንይ። ጄምስ ቲቪ ዝነኛ የሆነበት ዘዴ ዋጋን ከላይ ወደ ታች የሚጥል ጨረታ ነው። አንዲት ቀለበት በስክሪኑ ላይ ትመጣለች፤ ዋጋዋ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ይወርዳል፣ ይወርዳል። በሌላ ወገን የቀረው ብዛት ይቀንሳል። ተመልካቹ «ትንሽ ልታገስ ወይስ ልደውል?» እያለ ልቡ ይመታል። በመጨረሻ ሁሉም ገዢ የሚከፍለው ዋጋው ያረፈበትን ዝቅተኛውን ሒሳብ ነው።

መርካቶ ላደገ ሰው ነገሩ ያስቃል። መርካቶ ዋጋ የሚያወርደው ገዢው ነው፤ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብሎ፣ ሄዶ፣ ተጠርቶ፣ ተመልሶ። እዚያ ግን ዋጋው በራሱ ይወርድልሃል፤ አንተ የምትከራከረው ከሻጩ ጋር ሳይሆን ከሰዓቱ ጋር ነው። ከሰዓት ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ደግሞ እስካሁን አልሰማንም።

ይሁንና ሸቀጡ ቀለበት እስከሆነ ድረስ የችኮላው ዕዳ ቀላል ነው። ቸኩለህ ገዛህ፤ ዕቃው ደረሰህ፤ ጣትህ ላይ አደረግኸው። ካልወደድከው በተባለው ቀን ትመልሰዋለህ። ከተጠራጠርክ ድንጋይ ወደሚያውቅ ሰው ትወስደዋለህ። እናቶቻችን ፒያሳ ወርቅ ቤት ሲገቡ ወርቁ በፊታቸው በሚዛን ይቀመጥ ነበር፤ ባለ 18 ይሁን ባለ 21 ይጠየቃል፤ ግራሙ ይነበባል። ሻጩ ምላሱ ማር ቢሆን ሚዛኑ ምላስ የለውም።

እዚህ ላይ ወሎ ትመጣለች። ከወገል ጤና፣ ከደላንታ ገደል ሥር የሚቆፈረው ኦፓል ከ2008 ጀምሮ የዓለምን ገበያ አጥለቅልቆታል፤ የጌጣጌጥ ቻናሎችም «የኢትዮጵያ ኦፓል»፣ «ወሎ ኦፓል» እያሉ ሲሸጡት ኖረዋል። የወሎ ኦፓል አንድ ልዩ ጠባይ አላት፤ ውኃ ትጠጣለች። ውኃ ውስጥ ብትከቷት የምታንጸባርቀው ቀለም ይጠፋና እንደ መስታወት ጥርት ልትል ትችላለች፤ ስትደርቅ ቀለሟ ይመለሳል። ይህ መጠጣቷ ለአታላይም ተመችቷል፤ በጢስ ያጠቆሯት፣ በቀለም የነከሯት አሉ። ነገር ግን ተደረሰባቸው። የድንጋይ ምርመራ ቤተ ሙከራዎች በአጉሊ መነጽርና በሌሎች መሣሪያዎች እያዩ «ይህች የተነከረች ናት፣ ይህች የተፈጥሮ ናት» ብለው መለየት ችለዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ድንጋይ አፍ የለውም፤ ግን ሲመረመር እውነቱን ይናገራል። አንዲት ድንጋይ፣ አንድ ባለሙያ፣ አንድ ማጉያ፤ አለቀ።

እንክብልስ?

*

እንክብልን በማጉያ አይተህ ውስጡ ያለውን ትለይ ይሆናል፤ ማዳኑን ግን አታይም። አንድ እንክብል በእርግጥ ይጠቅማል ወይ የሚለውን ለማወቅ ብዙ ሺህ ሰው፣ ብዙ ዓመትና ብዙ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሦስት ምሳሌ እንስጥ።

አንደኛው ደስ የሚል ነው። በ1991 ውጤቱ የወጣ በ7 አገሮች የተካሄደ ጥናት ነበር፤ ከዚያ በፊት የአከርካሪ ወይም የአንጎል አፈጣጠር ጉድለት ያለበት ልጅ የፀነሱ 1,817 ሴቶች ገቡበት። ከእርግዝና በፊትና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፎሊክ አሲድ መውሰድ ጉድለቱ እንዳይደገም በ72 በመቶ እንደሚከላከል ታወቀ። ዛሬ ፎሊክ አሲድ ከብረት ጋር ሆኖ በየጤና ጣቢያችን ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው እንዲህ ያለ ማስረጃ ስላለ ነው። ይህ እንክብል ነው፤ ቫይታሚን ነው፤ ይሠራል። ስለዚህ «ሰፕሊመንት ሁሉ ውሸት ነው» የሚል ሰው ቢመጣ አብረነው አንሄድም።

ሁለተኛው መካከለኛ ነው። ቫይታሚን ዲ ለብዙ ነገር ይጠቅማል ተብሎ በዓለም ሲሸጥ ኖሯል። በአሜሪካ 25,871 ሰዎች የተሳተፉበት፣ አምስት ዓመት ገደማ የፈጀ ጥናት ውጤቱ በ2018 ሲወጣ፣ ቫይታሚን ዲ መውሰድ ካንሰር የሚይዘውን ሰው ቁጥርም ሆነ የልብ ድካምና ስትሮክን አልቀነሰም። እጥረት ላለበት ሰው የሚሰጥበት ምክንያት አለ፤ ለሁሉም ሰው ለሁሉም ነገር ግን አልሆነም።

ሦስተኛው ያስደነግጣል። ቤታ ካሮቲን ካሮትን ካሮት የሚያሰኘው ነገር ነው። ከዚህ የበለጠ «የተፈጥሮ» ምን አለ? በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ግን በ1994 ያወጣው ውጤት፣ ቤታ ካሮቲን በእንክብል የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጠው ነው። አስቡት፤ ከእነዚያ አጫሾች አንዱን ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ «ከጀመርኩ ወዲህ ደህና ነኝ» ይለን ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሊያውቅ አይችልም። ጉዳቱ የታየው 29 ሺህ ሰው ሲቆጠር ነው።

የድንጋይና የእንክብል ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ቀለበቱን የገዛችው ሴት ቀለበቱ ጥሩ መሆኑን ራሷ ማየት ትችላለች፤ ስለዚህ ሻጩን ብታምነው በዓይኗ አይታ ነው። ያንኑ ሻጭ እንክብል ሲሸጥላት ብታምነው ግን የምታምነው በቀለበቱ ትዝታ ነው። ቀለበት ማሳመር የሚችል ሰው ደም ግፊት ማውረድ ይችላል የሚል ሕግ ደግሞ የለም።

*

«ይህ የእናንተ ሥጋት ነው፤ የደረሰ ነገር አለ?» ካላችሁ፣ አዎ፣ አለ። የሽያጭ ቴሌቪዥን ታሪክ ራሱ ይመሰክራል።

ነገሩ የተጀመረው በ1977 አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ማስታወቂያ ያስነገረ ነጋዴ ገንዘብ አጥሮት በብር ፈንታ 112 የቆርቆሮ መክፈቻ አስረከበ። አቅራቢው በአየር ላይ አውጥቶ ሸጣቸው፤ ሁሉም አለቁ። የጣቢያው ባለቤት ባድ ፓክሰን ከዚህ ተነሥቶ ከሸሪኩ ጋር በኋላ ሆም ሾፒንግ ኔትወርክ (ኤችኤስኤን) የሆነውን አቋቋመ። በ1986 ደግሞ ጆሴፍ ሲገል ኪውቪሲን መሠረተ። ሲገል ቀድሞ ፍራንክሊን ሚንት የተባለውን የመታሰቢያ ሜዳሊያና ሳንቲም ድርጅት ያቋቋመ ሰው ነው። እሱም ከሚያብረቀርቅ ነገር ነው የተነሣው ማለት ነው። ኪውቪሲ የሚሉት ሦስቱ ፊደላት ጥራት፣ ዋጋና ምቾት የሚሉ ሦስት ቃላት አጫጭር ናቸው።

ሁለቱም ጣቢያዎች ከመክፈቻና ከጌጣጌጥ አልፈው ወደ ጤና ገቡ፤ ሁለቱም በጤና ተቀጡ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ኤችኤስኤንን በማስረጃ ያልተደገፈ የጤና ወሬ እንዳይናገር በ1996 አዘዘው። ትእዛዙን ጥሷል ተብሎ በ1999 1.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ኪውቪሲም በ2000 ተመሳሳይ ትእዛዝ ደረሰበት፤ በ2009 ስለ ማቅጠኛ ኪኒን፣ ስለ ምግብና መጠጥ፣ ኃይል ይሰጣል ስለተባለ ማሟያና ስለ አንድ የቆዳ ቅባት በቀረበበት ክስ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። 6 ሚሊዮኑ ለገዢዎች የሚመለስ፣ 1.5 ሚሊዮኑ ቅጣት። እንግዲህ እነዚህ በጓሮ የሚሠሩ አይደሉም፤ ጠበቃ ያላቸው፣ ስም ያላቸው፣ አንዴ ተመክረው የነበሩ ናቸው። ለምን ደገሙት?

እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ ቋንቋው ነው። በአውሮፓ ከ2006 ጀምሮ ስለ ምግብና ማሟያ ምን ማለት እንደሚቻል በዝርዝር የሚወስን ደንብ አለ። ለምሳሌ ስለ ቫይታሚን ሲ የተፈቀደው አባባል «ለሰውነት የበሽታ መከላከል ሥርዓት መደበኛ አሠራር አስተዋጽኦ ያደርጋል» ነው። እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ይህን ሰምቶ ስልክ ለመደወል የሚሮጥ ሰው ታያችሁ? እውነቱ ቀዝቃዛ ነው። ሰዓቱ ግን እየቆጠረ ነው፤ ብዛቱም እየቀነሰ ነው፤ አቅራቢዋም ዝም ማለት አትችልም። ስለዚህ ቀዝቃዛውን ዓረፍተ ነገር ታሞቀዋለች፦ «እኔ ራሴ ከጀመርኩት ወዲህ… እናቴም…»። ሕጉ የፈቀደውን ተናግራ፣ ያልፈቀደውን በፊቷ ትጨርሰዋለች።

*

ይህን ሁሉ ከውጭ ሆነን የምንዘበዝበው እንዳይመስላችሁ። ስለ አቅራቢዋ ፊት የምናውቀው እኛም ስለነበርንበት ነው። እዚህ ላይ «እኛ» የምንለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ጥፋትን በነጠላ መናገር ስለሚከብድም ነው።

ጋዜጠኝነት ተምረን ተመረቅን። ክፍል ውስጥ የተማርነው ምንጭህን አጣራ፣ ሁለቱንም ወገን ጠይቅ፣ ማስታወቂያን ከዜና ለይ የሚል ነበር። ስንወጣ የተቀበለን ሥራ ደግሞ የአየር ሰዓት ተገዝቶ በስፖንሰር የሚኖር የሬዲዮ ዝግጅት ነበር። የመጀመሪያ ደሞዛችንን ስንቀበል ላሳደጉን አክስታችን የብር ጉትቻ ገዛንላቸው። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው አሳዩ። «የልጄ የድምፅዋ ዋጋ» እያሉ።

አንድ ቀን አንዲት ወረቀት ተሰጠችን። ስኳርን «ከሥሩ የሚነቅል»፣ «ከዕፅዋት ብቻ የተቀመመ»፣ «ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው» ዱቄት። ቀድመው ለሚደውሉ ልዩ ቅናሽ። «ፈቃድ አለው?» ብለን ጠየቅን። «ስፖንሰር ነው፤ አንብቢው» ተባልን። አነበብነው። በጥሩ ድምፅ አነበብነው፤ ለአፍታ ቆም ማለት ባለብን ቦታ ቆም እያልን፣ ፈገግታችን በድምፃችን እንዲሰማ እያደረግን። ይህንንም ያስተማሩን ክፍል ውስጥ ነው።

አክስታችን ስኳር አለባቸው። ሜትፎርሚን ከጀመሩ ቆይተዋል። የአክስታችን ልጅ አንድ ምሽት ደውላ «እማዬን ድንገተኛ ክፍል አስገባናት» አለችን። ስንደርስ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ዓይናቸው ጎድጉዷል። ሐኪሙ ኪኒናቸውን ይወስዱ እንደሆነ ሲጠይቃቸው ዝም አሉ። ከዚያ ልጃቸው ከቦርሳቸው ቅጠል የተሣለበት ቆርቆሮ አወጣች። የአምራቹ አድራሻ የለውም፤ የምዝገባ ቁጥር የለውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኪኒናቸውን ትተው እሱን ሲበጠብጡ ከርመዋል።

ሐኪሙ ወጣ ሲል እጃችንን ያዙና አሉን፤ «አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽኝ?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። «ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት» ልንላቸው አሰብን፤ አፋችን አልታዘዝ አለ። ለእሳቸው ወረቀት የለም። ስፖንሰር የለም። ያለው ያሳደጓት ልጅ ድምፅ ነው። ጉትቻውን የገዛላቸው ድምፅ።

ተመስገን፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ድነው ወጡ። እኛ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እንግሊዛዊው ነጋዴም ሆነ ስለማንኛውም ከጌጥ ወደ ጤና የሚሻገር ሰው ስናነብ የምናስበው የገበያ ስልት ሳይሆን ያችን ጥያቄ ነው።

*

«ታዲያ የአገራችን የባህል መድኃኒትስ? ያው ዱቄት አይደለም?» የሚሉን አይጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጆች ሳለን ምች ሲመታን ዳማከሴ ያሹልን ጎረቤት ነበሩ። ማሻሸቱን ትተን አንድ ነገር እናስታውስ፤ በማግስቱ ጠዋት አጥሩን አልፈው መጥተው «ልጅቷ እንዴት አደረች?» ይሉ ነበር። ካልተሻለን «ይህ የኔ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ውሰዷት» ይሉ ነበር። ስማቸው ይታወቃል፣ ቤታቸው ይታወቃል፣ ቢሳሳቱ ዕድሩ ላይ አንገታቸውን የሚደፉት እሳቸው ናቸው። በስልክ ቁጥር የሚሸጠው ዱቄት ግን በማግስቱ እንዴት አደርሽ አይልም። ቢደውልም ሁለተኛውን ቆርቆሮ ሊሸጥ ነው።

ዛሬ ይህ ነገር ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አልፎ ኪሳችን ገብቷል። በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ሐብልና ቀሚስ ስትሸጥ የምናውቃት ልጅ፣ ከሁለት ወር በኋላ የሆድ ማጥፊያ ሻይ ይዛ ብቅ ትላለች። ቴሌግራም ላይ የጆሮ ጌጥ የገዛንበት ቻናል የመሃንነት መድኃኒት ይለጥፋል። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን በሻንጣ የሚልኩት ጠርሙስ ደግሞ «ከአሜሪካ የመጣ» የሚል ክብር አለው። ክብሩ ግን ከዕቃው አይደለም። በአሜሪካ ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ ሰፕሊመንት እንደ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት መሥራቱ ተረጋግጦ ፈቃድ እንዲያገኝ አይጠበቅበትም። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል «ይህ ምርት በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለማዳን ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም» የሚል የተጻፈው ለዚህ ነው። ከፊት በትልቁ፣ ከኋላ በደቃቁ። እናቶቻችን የሚያነቡት የቱን ነው? እንግሊዝኛ የማያነቡትስ?

እዚህ አገር ሕግ የለም እንዳትሉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አለ (እነዚህ በኛው አቆጣጠር ናቸው)፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም አለ። አሳሳች ማስታወቂያ የተከለከለ ነው። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ ነው። ኪውቪሲና ኤችኤስኤንም ቢሆን ሕግ ያገኛቸው ዓመታት ዘግይቶ ነው። ከሕጉ በፊት የሚደርሰው ያ ድምፅ ነው፤ ወረቀቱን የሚያነበው።

ስለዚህ የምንለው ለሦስት ወገን ነው።

ለገዢው፦ ሰዓት እየቆጠረ የሚሸጥ ጌጥ ካማራችሁ ግዙ፤ ቢበዛ የምታጡት ብር ነው። ሰዓት እየቆጠረ የሚሸጥ የጤና ነገር ግን ይለፋችሁ። እውነተኛ መድኃኒት ሳምንት ቢጠበቅ አያኮርፍም። በዚያ ሳምንት ሐኪማችሁን ወይም የሠፈራችሁን ፋርማሲ ባለሙያ ጠይቁ፤ ለየትኛው በሽታ ነው? ማን ላይ ተሞከረ? ከምወስደው ኪኒን ጋር ይጣላል ወይ? የጀመራችሁትን ኪኒን ደግሞ ማንም በማይክ ያለ ሰው ስላለ አታቋርጡ። አባቶቻችን «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር» ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ለሻጩ፦ ከቀለበት ወደ እንክብል መሻገር መብትህ ነው። ግን ሸቀጡን ስትቀይር ዘዴውንም ቀይር። የሚወርደውን ዋጋ፣ የሚቀንሰውን ብዛት፣ «አሁኑኑ» የምትለዋን ቃል እዚያው ጌጣጌጡ ዘንድ ተዋቸው። በጌጥ ያመነህ ሰው ወርቅ አበድሮሃል፤ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እንዳይሆን።

ለኛ፣ ማይክ ይዘን ለምንኖር ወጣቶች፦ ሥራ ጠባብ መሆኑን እናውቃለን፤ ኪራይ አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ ስፖንሰር ካልመጣ ዝግጅቱ ይታጠፋል። ቢሆንም የጤና ወረቀት ሲሰጠን የምዝገባ ቁጥሩን ሳናይ አናንብብ። «አንብቢው» ሲሉን «ቁጥሩን አሳዩኝ» ማለት ያህል ጋዜጠኝነት ይኑረን። እኛ ያንን ዝግጅት ለቀቅን። ጀግንነት ብለን አንነግራችሁም፤ ዘግይቶ የመጣ ነገር ጀግንነት አይባልም።

አክስታችን ዛሬ ኪኒናቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ። ልጃቸው የሞባይሏን ደወል ሞልታላቸዋለች። ጉትቻቸውንም ለበዓል ያደርጋሉ፤ ብሩ ትንሽ ጠቆር ብሏል፤ በአመድ ሲያሹት መልሶ ያበራል። ባለፈው ሄደን ስንቀመጥ ሬዲዮው ክፍት ነበር፤ አንዲት ልጅ በጣፋጭ ድምፅ ስለ አንድ የመገጣጠሚያ መድኃኒት ትናገራለች። አክስታችን ጥቂት አዳመጡና ወደኛ ዞሩ።

«ይቺንም ልጅ ያሳደጋት ሰው ይኖራል» አሉ። ከዚያ ሬዲዮውን ዘጉት።

ጤና ይስጥልን።